የፔስሜከሩ የእንቅልፍ ትንፋሽ ቁጥር ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

የትንፋሽ ዳሳሽ ያለው ፔስሜከር (ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ) አየር አይለካም። በመሣሪያው አካልና ልብ ውስጥ ባለው ሽቦ መካከል ደካማ ኤሌክትሪክ እየላከ፣ ደረት ከፍና ዝቅ ሲል የሚለዋወጠውን መቋቋም ያነባል። ለውጡ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ በጉልህ ሲያንስ ትንፋሽ ቆመ ወይም ቀነሰ ብሎ አንድ ይቆጥርና የሌሊቱን አማካይ በሰዓት ያወጣል።

ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ታካሚው ግን «እንቅልፌ ደህና ነው» ይላል

መጀመሪያ ሰዓቱን ጠርጥሩ። ፕሮግራመሩ (ፔስሜከሩ የሚነበብበትና የሚስተካከልበት የክሊኒክ መሣሪያ) የሚያውቀው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ታካሚው «4 ሰዓት ተኝቼ 12 ላይ እነሳለሁ» ሲል 4:00 እና 12:00 ተብሎ ከተሞላ፣ የተመዘገበው የእንቅልፍ ጊዜ ከሌሊቱ 10 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ሰውየው ፒያሳ ታክሲ ተሰልፎ ሲያወራ ትንፋሹ እንደ እንቅልፍ ይቆጠራል! ትክክለኛው 22:00 እና 6:00 ነው። ከማታው 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ደምሩ፤ ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋቱ 12 ላለው 6 ቀንሱ።

የፕሮግራመሩንም ሰዓት እዩ፤ ከውጭ የመጣ ከሆነ በመጣበት አገር ሰዓት ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የሌሊት ዘበኛ ከሆነ ደግሞ የሚሞላው ቀን የሚተኛበት ነው፤ ስለዚህ «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ «ቀን ነው ማታ?» በሉ። ካስተካከላችሁ በኋላ የድሮውን ግራፍ ተዉት፤ አዲስ ሌሊቶች ይጠራቀሙ።

የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው

ዳሳሹ ጠፍቶ ይሆናል፤ አብሩት። ከበራ የተሞላው የእንቅልፍ ጊዜ አጥሮ እንደሆነ እዩ። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም 1 ሰዓት ቆርጠው ስለሚተዉ፣ 3 ሰዓት የተሞላለት የሚተርፈው 1 ብቻ ነው።

ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ባለቤቱ ግን «ያንኮራፋል፣ ትንፋሹም ቀጥ ይላል» ትላለች

እሷን እመኑ። ጉሮሮ ሲዘጋ ደረት እየታገለ መንቀሳቀሱን ስለማያቆም መሣሪያው ትንፋሽ ያለ ሊመስለው ይችላል። ወደ እንቅልፍ ምርመራ ላኩት። የምርመራው መለኪያ (በሰዓት ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ15 መካከለኛ፣ ከ30 ከባድ) ለፔስሜከሩ ቁጥር አይሠራም፤ ሁለቱን አታወዳድሩ።

ቁጥሩ በድንገት ዘለለ

የሽቦውን መቋቋም ከቀድሞው ጋር አስተያዩ፤ ከተለወጠ ጥፋቱ ከሽቦው ሊሆን ይችላል። ሽቦው ደህና ከሆነ እግሩን በጣት ጫን አድርጉ፣ ክብደቱን መዝኑ። ልብ ሲደክም ትንፋሽ እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እየቆመ ይሄዳል፤ እብጠት ካለ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር።