እምቢ ያለ ብሎን፦ አሮጌ ዎኪንግ ትራክተር ሲፈታ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄው

ጣና ዳር ረግረግ ሲያርስ ከርሞ ክረምቱን ደጅ ያሳለፈ ዎኪንግ ትራክተር (ከኋላ እየተሄደ በእጅ የሚመራ ባለ ሁለት ጎማ ማረሻ) ሲፈታ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግሩት የማረሻ ቢላዎቹና የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ብሎኖች ናቸው። ቢላዎቹን የሚያዝገው እርጥበት ያዘለ ዋልካ ነው፤ የማርሚታውን ደግሞ እሳቱ ያጣብቃቸዋል። ከቁልፍ በፊት የሽቦ ብሩሽ ይቅደም። ከዳዶው (ብሎኑ ላይ ከሚጠብቀው ነት) ውጭ ያለው የብሎኑ ጥርስ ካልጠራ፣ ዳዶው ሲወጣ ዝገቱን እየሰበሰበ መንገድ ላይ ይቀራል።

ምልክት፦ ቁልፉ ትንሽ ይዞርና እንደ ላስቲክ ተስቦ ይመለሳል።

ምክንያት፦ ጥርሱ አልላቀቀም፤ የተጠመዘዘው የብሎኑ አንገት ነው። ትንሽ ቢጨመር ይበጠሳል።

መፍትሄ፦ ቧንቧ ቀጥሎ መጫን ይቅር። ናፍታና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት እኩል ቀላቅሎ ጠዋትና ማታ ማንጠባጠብ፣ አንድ ሙሉ ቀን መተው። ከዚያ የብሎኑን ራስ በግማሽ ኪሎ መዶሻ ቀጥ አድርጎ 10 ወይም 15 ጊዜ መምታት። ዝገቱ የሚሰነጠቀውና ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጠበቅ፣ ቀጥሎ ላላ፤ ሩብ ዙር ከሄደ መልሶ ዘይት።

አሁንም እምቢ ካለ እሳት። ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ይውረድ፣ ዘይቱ ተጠርጎ ይድረቅ። የሚሞቀው ዳዶው እንጂ ብሎኑ አይደለም። ባለ 10 ሚሊሜትር ዳዶ 200 ዲግሪ ሲጨምር ቀዳዳው የሚሰፋው 0.02 ሚሊሜትር ያህል ቢሆንም ዝገቱን ለመስበር ይበቃል፤ እስኪቀላ መጠበቅ አያስፈልግም። እሳቱ እንደተነሳ ሻማ ወይም ጧፍ ጥርሱ ላይ ቢነካ፣ ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይን ይታያል።

ምልክት፦ ቁልፉ ይንሸራተታል፣ የራሱ ማዕዘን ክብ ሆኗል።

ምክንያት፦ ያረጀ ወይም ባለ 12 ማዕዘን ቁልፍ።

መፍትሄ፦ ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ (ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ቁልፍ)። 17 ቁጥር ቁልፍ ከላላ ሁለቱን ትይዩ ጎኖች በሊማ አስተካክሎ 16 ቁጥር አፈ ክፍት ቁልፍ በመዶሻ ማስገባት።

ምልክት፦ ራሱ ተበጥሶ ግንዱ ውስጥ ቀረ።

መፍትሄ፦ ጫፉ ከወጣ ዳዶ አስቀምጦ መሃሉን በብየዳ መሙላት፤ ሙቀቱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የሰባራ ብሎን ማውጫ ከ8 ሚሊሜትር በታች ባይሞከር ይሻላል፤ ውስጥ ከተሰበረ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም።

ሁሉም ከመጀመሩ በፊት ግን የጥርሱ አቅጣጫ ይታይ። በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ በተቃራኒ የሚፈታ ዳዶ አለና፣ ስንቱ «ነከሰ» (ተጣበቀ) ተብሎ እየጠበቀ ይበጠሳል።

ሲመለስ የቢላዎቹ ጥርስ ግራሶ ይቀባ። ማርሚታው ላይ ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ የናስ ዳዶ ይግባ፤ ናስ ከብረት ጋር በዝገት አይያያዝም።