ምትሃትና መርከብ፦ የጠፈር ታሪክ ስትጽፉ ማን ያሸንፍ?

ጅማ ቁጭ ብላችሁ የጠፈር ታሪክ የምትጽፉ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። በሁለቱም ውስጥ አንድ ጥበበኛ ሽማግሌ አለ። በሁለቱም ከተማ የሚያክል የጦር መርከብ ከሰማይ ይመጣል። ሽማግሌው እጁን ያነሳል፣ መርከቡ ይፈነዳል፣ በቃ፣ አለቀ። አንብቤ ስጨርስ ምንም አልተሰማኝም። ለምን እንደሆነ ሳሰላስል ቆይቼ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ምትሃትን ከማሽን ጋር በጉልበት አታጋጥሙት። በጉልበት ካጋጠማችሁት መርከቡ ባደገ ቁጥር ምትሃቱም ማደግ አለበት፣ ከዚያ ጠላት የባሰ መርከብ ያመጣል፣ ሽማግሌውም የባሰ ተአምር ይሠራል፣ አንባቢው ደግሞ መሃል ላይ ይሰለቻል። ምትሃቱ ማሽኑ በማያይበት በኩል ይግባ።

በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያውን የስታር ዋርስ ፊልም አስታውሱ። ፕላኔት የሚያጠፋው የጠላት የጠፈር ጣቢያ የፈነዳው በሁለት ሜትር የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ በኩል ነው። ወጣቱ ጀግና ሉክ የማነጣጠሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ፎርስን፣ ማለትም የፊልሙን ምትሃታዊ ኃይል፣ አምኖ ተኮሰ። ሁላችንም የምናስታውሰው ይችን ነው። ግን እስቲ ወደኋላ ሂዱ። የተኮሰው ቶርፒዶ ነው። የተቀመጠው መርከብ ውስጥ ነው። ቀዳዳው የታወቀው ደግሞ የጣቢያው ንድፍ ተሰርቆ፣ አርቱ ዲቱ የሚባለው ሮቦት ውስጥ ተደብቆ፣ ስንት ሰው ሞቶበት ነው። ፎርስ የሠራው የመጨረሻዋን ስንዝር ነው። የእናንተም ምትሃት እንደዚያ ይሁን፤ ሌላውን መንገድ ሰው በላቡ ይሂድበት።

ለእኛ ደግሞ ይህ አዲስ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መቀሌ ላይ መሽጎ ነበር። ምሽጉን ፊት ለፊት የገጠመው ወገን ብዙ ሰው አለቀበት። በኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ተያዘ፣ ምሽጉም ተለቀቀ። አድዋ ላይስ? ታቦተ ጊዮርጊስ አብሮ ዘምቷል፣ መድፉም ነበረ። አያቶቻችን ሲተርኩት ሁለቱንም ያነሳሉ፣ አንዱን ለማክበር ሌላውን አይሰርዙም። እናንተም አትሰርዙ።

ማሽንን ለጠላት ብቻ አትስጡ። በፎርስ የሚዋጉት የጄዳዮቹ የብርሃን ሰይፍ ራሱ በእጅ የተገጣጠመ ማሽን ነው። የጠላት ወገኑ ዳርዝ ቬደር፣ ፕላኔት የማጥፋት አቅም ከፎርስ ፊት ምንም እንዳልሆነ ለመኮንኖቹ ሲነግራቸው፣ የሚተነፍሰው በማሽን ነው። እኔ ይህን ትዕይንት ስንቴ እንዳየሁት! ሁለቱ ኃይሎች አንድ ገላ ውስጥ ሲጣሉ ማየት ከሺህ መርከብ ውጊያ ይበልጥብኛል።

ኃይሉ ዋጋ ያስከፍል፣ ድካምም ይሁን ዕድሜ። ይሄ ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም።

አሁን ወደ ከባዱ። ኃይሉን እንዴት ትገልጹታላችሁ? «ታላቅ ኃይል በደም ሥሩ ፈሰሰ» ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። እኔ ይህን የተማርኩት ከጎረቤታችን ከአንዲት እናት ነው። ቡና ሲቆሉ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ እጃቸው ይፈጥናል። ከዚያ ድምፁ ቀጠን፣ ጭሱ ከበድ ሲል፣ አንዴ ነቅነቅ አድርገው ከእሳቱ ያወርዱታል። ሰዓት አላዩም፣ ምጣዱንም በቅጡ አላዩም። አንድ ቀን «እማማ፣ መድረሱን እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። «ራሱ ይነግርሃል እኮ ልጄ» አሉኝ።

ጥበበኛችሁ እንዲህ ይሁን። የሚሰማው፣ የሚያሸተው፣ በጣቱ የሚዳስሰው ነገር ይኑር። መርከቡንም እንዲሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። መብራት ሲጠፋ ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር ሲነሳ ያለውን ማጓራት፣ የናፍጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ። የጠፈር መርከብም ይግላል፣ ነዳጅ ይጨርሳል፣ የሚጠግነው የደከመው መካኒክ አለው። ጥበበኛው ማሽኑን ቢያዳምጠውስ? ሞተሩ ሊበላሽ ሲል ድምፁ ቢነግረውስ?

እስቲ ሦስት ገጽ ሞክሩ። ጅሬን ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በላይ መርከብ ቆሟል እንበል። ጥላው የእንጨት ሰገነቱን ሸፍኖታል። አንድ መካኒክና አንዲት ቡና የምትቆላ ሴት እታች አሉ። ሁለት ገጽ ተኩል ያለ ምንም ምትሃት ጻፉ፤ ይቆፍሩ፣ ይስረቁ፣ ይሳሳቱ። ኃይሉን በመጨረሻው ግማሽ ገጽ ብቻ አምጡት። ከዚያ ያንን ግማሽ ገጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡት። እነዚያ ሰዎች ለማሸነፍ አንድ ስንዝር ብቻ ከቀራቸው ደርሳችኋል። ገና ብዙ ከቀራቸው ወደ ሁለቱ ገጾች ተመለሱና ሥራ ስጧቸው።