ገገን ቺን ሊያን ታንግ እንዴት ይፈላል?

ቻይናውያን አፍልተው የሚጠጡትን መድኃኒት «ታንግ» ይሉታል። ሾርባ ማለት ነው። ሥራውም የወጥ ቤት ነው፤ ድስት፣ እሳትና ትዕግስት ይፈልጋል። ድንገት ለሚጀምር ተቅማጥ ከሚፈሉት አንዱ ገገን ቺን ሊያን ታንግ ነው። ጃንግ ጆንግጂንግ የተባለ ሐኪም ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎት፣ ዛሬም ይታዘዛል።

ከድስቱ በፊት ተቅማጡን መለየት ይቀድማል። ይህ ታንግ እነሱ «የሙቀት» ለሚሉት ነው። ትኩሳት አለው፣ ሰገራው ክፉኛ ይሸታል፣ ሲወጣ ያቃጥላል፣ ያስጠማል። ብርድ ብርድ እያለው እንደ ውሃ ለሚያስቀምጠው ሰው አይሰጥም፤ ይብስበታል ይላሉ።

የተለመደው ልክ ገገን 15 ግራም፣ ኋንግ ቺን 9፣ ኋንግ ሊያን 9፣ በማር የተቆላ ጋንጻው 6 ነው። አራቱም የዕፅዋት ሥር ናቸው። ለታማሚው የሚስማማውን ልክ የሚወስነው ግን የባህል ሐኪሙ ነው።

ድስቱ ሸክላ ይሁን። ብረትና አሉሚኒየም አይመከርም። ቡናውን በጀበና ለለመደ ሰው ይህ አይከብደውም።

አሁን አንድ የእንጨት ቾፕስቲክ፣ ማለትም ቻይናውያን የሚመገቡበትን ቀጭን ዘንግ፣ ያዙ። ባዶው ድስት ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩና ቾፕስቲኩን አቁማችሁ ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። 600 ሲሞላም እንደዚያው። ከዚያ እስከ 800 ሙሉት።

ገገኑን ብቻ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉና ጣዱት። እስኪፈላ እሳቱ ይንደድ፣ ከፈላ በኋላ ይቀንስ። ውሃው 600 ላይ ሲወርድ ሦስቱን ጨምሩ። ችኩል ሰው አራቱንም በአንዴ ይዘረግፋል። የጥንቱ ጽሑፍ ግን ቅደም ተከተሉን ለይቶ አስቀምጦታል፦ ስምንት መስፈሪያ ውሃ፣ ገገኑ ብቻውን ሁለቱን እስኪያጎድል፣ ከዚያ ሁሉም አብረው ፈልተው ሁለት እስኪቀር። የእኛ 800፣ 600 እና 200 የመጣው ከዚህ ነው።

200 ሲቀር በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ለብ ሲል ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ይመራል፣ በጣም። ጥፋተኛው ኋንግ ሊያን ነው። ቻይናውያን ብሶቱን መናገር ያቃተውን ሰው «ኋንግ ሊያን የበላ ዲዳ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

ታንጉ ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው አይተካም። ለዚያ ኦአርኤስ አለ፤ አንዱን ከረጢት እሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ነው። ለጨቅላ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ታንጉን አትስጡ። ጋንጻው ደም ግፊት ስለሚጨምር ግፊት ያለበትም ይተወው። ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም ሽንት ከጠፋ ድስቱን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለ«ብርዱ» ተቅማጥ ቻይናውያን ኹዎሺያንግ ጀንግቺ የሚባል ሌላ መድኃኒት አላቸው። በትንንሽ ጠርሙስ ከሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ አልኮል ያለበት አለ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰዳችሁ ከሆነ እሱን አትንኩት።