ክሱ የሚበላሸው መንገድ ዳር ነው፦ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ባለንብረቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት አፍ ላይ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ሲያስቆም «ቸኩዬ ነው፣ ፍሬኑም ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ያስቸግራል» የሚል ሹፌር አለ። አለቀ። ብልሽቱን እያወቀ እንደነዳ በራሱ አንደበት መሰከረ፤ ጠበቃም ቢቆምለት ሥራው ከባድ ነው። በጨዋነት የተጠየቃችሁትን ሰነድ ስጡ፣ ሕጉ የሚያስገድዳችሁን መልሱ፣ ከዚያ በላይ አታውሩ። ዋሹ አላልኩም።

ክብደት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ጠቅላላውን ብቻ አይቶ ይተማመናል። የአሜሪካን ፌደራል ሕግ ለምሳሌ ብንወስድ ጠቅላላ ጣሪያው 80,000 ፓውንድ ነው፤ ጥንድ አክስል፣ ማለትም ተቀራርበው የተገጠሙ ሁለት የጎማ ዘንጎች፣ ግን ብቻውን ከ34,000 እንዲያልፍ አይፈቀድም። አሁን ይህን መኪና እዩት፦ የፊት አክስል 11,500፣ የጎታቹ የኋላ ጥንድ 35,500፣ የተሳቢው ጥንድ 32,000። ድምሩ 79,000። ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ተቀጥቶ ይወርዳል፤ ጭነቱ ወደ ፊት ስለተከመረ ብቻ! የተሳቢው አክስል የሚንሸራተት ከሆነ ትንሽ ወደ ፊት ማምጣት ከጎታቹ ላይ ክብደት ይቀንሳል። ግን ይህ የሚሠራው ከመነሳታችሁ በፊት ተመዝናችሁ ካወቃችሁ ነው። ክስ ከመጣ ያንን የሚዛን ወረቀት አቅርቡ፤ የከሰሳችሁ ሚዛን መጨረሻ የተፈተሸው መቼ እንደሆነም ጠይቁ።

የመንዳት ሰዓት መዝገብን «ማስተካከል» ከሁሉም የከፋው ነው ባይ ነኝ። በአውሮፓ ኅብረት አራት ሰዓት ተኩል ከነዱ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ አሳልፎ መንዳት ጥፋት ነው፣ እሺ፤ መዝገቡን መነካካት ግን ወደ ማጭበርበር ይወስዳችኋል። ደግሞ ትያዛላችሁ፤ የነዳጅ ደረሰኙ፣ ጂፒኤሱ፣ የክፍያ መንገዱ መዝገብ ሁሉም ሰዓት አላቸው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሹፌሩ የዕለቱን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን 56 ቀናት መዝገብ ማሳየት አለበት። ድሮ 28 ነበር።

የዕለት ፍተሻ ፎርም ላይ ዓመት ሙሉ «ደህና» እያሉ መሙላትም አያዋጣም። ማን ያምናል? ማክሰኞ መብራት እንደጠፋ፣ ረቡዕ እንደተቀየረ የሚናገር ፎርም ከነደረሰኙ ይሻላል።

«ከፍዬ ልገላገል» የሚሉም አሉ። በብዙ አገር ቅጣት መክፈል ጥፋትን ማመን ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንስም ሊጨምር ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን አገላብጣችሁ አንብቡ፤ መቃወሚያ ቀኑ ካለፈ እውነቱ ከእናንተ ጋር ቢሆንም ሰሚ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ባለንብረቶችስ? «ያጠፋው ሹፌሩ ነው» ብሎ እጅን መታጠብ ሁልጊዜ አይሠራም። የአውስትራሊያ ከባድ መኪና ሕግ ለምሳሌ ጫኙንም፣ ስምሪት ያወጣውንም ተጠያቂ ያደርጋል። «እስከ ጠዋት ካልደረስክ ሌላ ሥራ ፈልግ» ብላችሁ የላካችኋት አጭር መልእክት ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆና ልትመጣ ትችላለች። ያኔ መልእክቷን መሰረዝ ደግሞ ሌላ ክስ ነው።

ኧረ አንድ ረስቼ። በጎማ ወይም በፍሬን ከተከሰሳችሁ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የወለቀውን ዕቃም አትጣሉ። ሜካኒኩ ከጣለው በኋላ ምን ታሳያላችሁ?