ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

የሒሳብ ሠራተኞችን በሚፈትን ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። አንጀቴን የሚበላው ሥራውን የሚችል ሰው በትንሽ ነገር ሲያመልጠው ማየት ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የራሳችሁን ሲቪ ሳታውቁት አትግቡ። ብዙዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው በሌላ ሰው ሲቪ ላይ ስማቸውን ያስለውጣሉ። አንዲት ልጅ «ፒችትሪ በደንብ እችላለሁ» የሚል ሲቪ ይዛ መጣች፤ ፒችትሪ የሒሳብ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። «ባንክ ሪኮንሲሌሽን በፒችትሪ እንዴት ትሠሪያለሽ?» አልናት፤ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ ማለት ነው። ዝም አለች፤ ጣቷን ማፍተልተል ጀመረች። ስልጠና ወስዳ ኖሯል፣ ሥራ ላይ ግን ነክታው አታውቅም። ይህንኑ ብትጽፍ ኖሮ ማንም አይጥላትም ነበር፤ የጎዳት «በደንብ» የምትለዋ ቃል ናት።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን «ምን ሠራህ?» ሲባል «ክፍላችን የዓመቱን ሒሳብ በጊዜው ዘግቷል» እንላለን። ኮሚቴው የሚቀጥረው ክፍሉን አይደለም። «የስድስት ባንክ ሒሳቦችን በየወሩ የማስታርቀው እኔ ነበርኩ፤ ያልተመነዘረ ቼክ ሲገኝ ባንክ ድረስ ሄጄ የማጣራውም እኔ ነኝ» ቢባል ጉራ አይሆንም። የሠራችሁትን በቁጥርና በተግባር ተናገሩ፤ «በጣም ጎበዝ ነኝ» ማለት አያስፈልግም። አንገት መድፋቱም እንዲሁ ነው፤ እናንተ ለአክብሮት ብላችሁት እኛ ጋ በራስ አለመተማመን ሆኖ ይነበባል።

ሰዓት አጣሩ። ጥሪው በእንግሊዝኛ ተጽፎ «9:00» ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት? ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም። በተሳሳተ ሰዓት መጥቶ በር ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

የዲግሪ፣ የስቱደንት ኮፒና የሥራ ልምድ ኦርጅናል ከነኮፒው ያዙ። ከግል ድርጅት የተሰጠ የሥራ ልምድ ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ መሆኑን ቀድማችሁ እዩ፤ ብዙ ቦታ ያለዚያ አይያዝም።

ደመወዝ ሲጠየቅ «እንደ ድርጅቱ ስኬል» ብሎ ማለፍም አይጠቅምም። ቁጥር ጥቀሱ፤ ያልተጣራ (ተቀናሹ ሳይነሳ) ይሁን የተጣራ (እጃችሁ የሚገባው) ለዩ። ከ20,000 ብር መነሻ ደመወዝ ላይ 7 በመቶ ጡረታ ብቻውን 1,400 ብር ይወስዳል፣ የሥራ ግብሩ ሳይጨመር። ይህን ሳያሰሉ ተስማምተው የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበሉ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ስንል «የለኝም» የሚለው መልስ ያሳዝነኛል። የሙከራ ጊዜው ስንት እንደሆነ እንኳ ጠይቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። አንድ ልጅ «ባለፈው ኦዲት የተነሳባችሁ ነጥብ ምን ነበር? መጀመሪያ የምሠራው እሱን ከሆነ ልዘጋጅበት» አለን። ሰብሳቢያችን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያነጋግረው ጀመር።