የመጤ ተምች ሥልጠና፦ የመማሪያ መሣሪያውን ከማሳው ማዘጋጀት

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምች ስለ መከላከል አርሶ አደሮችን የሚያሠለጥን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ፖስተር ከመፈለጉ በፊት የበቆሎውን ማሳ ራሱን የመማሪያ መሣሪያ ቢያደርግ ይመረጣል።

በቆሎው ጉልበት ከመድረሱ በፊት ሠልጣኞቹን በማለዳ ወደ ማሳው ይዘው ይግቡ። በትንንሽ ቡድን ሆነው ማሳውን በዚግዛግ እያቋረጡ በአምስት ቦታ ይቁሙ፤ በየቦታው 10 ተክሎችን መርምረው የተበሳ ቅጠልና በእምብርቱ (በመካከሉ ባለው የለጋ ቅጠል ጥቅል) ውስጥ እርጥብ ኩስ ያለባቸውን ቆጥረው ይመዝግቡ። መጤው ተምች በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ ባላ በሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱም አጠገብ በአራት ማዕዘን በተደረደሩ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነው ግን ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ትሎቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ትል ብቻ ከቅጠል ጋር ያስገቡ፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ይሰሩት፣ ቅጠሉንም በየቀኑ ይለውጡ። ከአንዳንዱ ጠርሙስ ትሉ ተለውጦ የሚሆናት የእሳት እራት ስትወጣ፣ ከሌላው ደግሞ ትሉን ከውስጥ በልታ ያደገች ትንሽ ጥገኛ ተርብ ልትወጣ ትችላለች፤ ይህን ያየ አርሶ አደር፣ ያለ ልክ የሚረጭ ኬሚካል ረዳቶቹንም እንደሚፈጅበት ለመረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም።

ፖስተር ካስፈለገ፣ ከጎላው ሥዕል አጠገብ የትሉ ትክክለኛ መጠን ይታይበት። የቆጠራው መዝገብ በማሠልጠኛ ማዕከሉ ተለጥፎ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ቡድን እዚያው ማሳ ላይ ደግሞ ይቁጠር።