በቤት የተሠሩ የፕላነርና የሪበን ስፒከሮች ክሮስኦቨር፦ ችግርና መፍትሄ

ፕላነር ወይም ሪበን ስፒከር በእጁ የሠራ ሰው ድምፁ አልስተካከል ሲለው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ፎይሉን ወይም ማግኔቱን ነው። ፎይሉን ፈትቶ እንደገና መወጠር ግን ቀን የሚፈጅ ሥራ ከመሆኑም በላይ በተፈታ ቁጥር የመቀደድ አደጋ አለው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ ለዉፈር (ለትልቁ የወፍራም ድምፅ ስፒከር)፣ ከፍተኛውን ለፎይሉ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ መመርመር ይገባል። እኔን ከገጠሙኝ ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ከዚያ ነው። ክሮስኦቨር ሲባልም የመከፋፈያው ፍሪኩዌንሲ ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለቱ (ከመከፋፈያው ባሻገር ድምፁ በየኦክታቩ የሚቀንስበት መጠን)፣ የድምፅ መጠኑና የጊዜ መዘግየቱ አብረው ካልተወሰኑ አንዱን ማስተካከል ሌላውን ያበላሻል።

ከዚህ በታች ፕላነር የምለው በማግኔት ረድፎች ፊት የተወጠረና የአሉሚኒየም መስመር የተለጠፈበትን ስስ ፕላስቲክ ነው። ሪበን የምለው ደግሞ ፕላስቲክ ሳይኖረው በሁለት ማግኔቶች መካከል የተንጠለጠለውን የተሸበሸበ የአሉሚኒየም ፎይል ነው። በሁለቱም የሚንቀሳቀሰውን ስስ ሽፋን ፎይል እለዋለሁ።

ምልክት፦ ድምፁ ከፍ ሲል ፎይሉ ይነዝራል ወይም ይንጣጣል

መንስኤው በአብዛኛው ፎይሉ ከአቅሙ በላይ እንዲንቀሳቀስ መገደዱ ነው። አንድ ስስ ሽፋን ያንኑ የድምፅ መጠን ይዞ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ሲወርድ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲቀንስ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ2000 ሄርዝ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ፎይል በ1000 ሄርዝ 0.4፣ በ500 ሄርዝ ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚያግድ አንድ ካፓሲተር ብቻ ሲገባ ቁልቁለቱ በኦክታቭ 6 ዴሲቤል ስለሆነ ቮልቴጁ በየኦክታቩ በግማሽ ቢቀንስም የፎይሉ እንቅስቃሴ ከመከፋፈያው በታች በየኦክታቩ እጥፍ መሆኑን አያቆምም። በ12 ዴሲቤል እንቅስቃሴው ባለበት ይጸናል፤ በእውነት መቀነስ የሚጀምረው ቁልቁለቱ ከዚያ ሲያልፍ ነው፤ በ24 ዴሲቤል በየኦክታቩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍሪኩዌንሲው በፊት ቁልቁለቱን መወሰን ይሻላል እላለሁ።

የመጀመሪያውን ሪበኔን በ1500 ሄርዝ በአንድ ካፓሲተር ብቻ አገናኝቼ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መንዘር ጀመረ። በባትሪ መብራት ከጎን ሳየው በሁለቱ ጫፎች ያለው ሽብሽብ እንደ አዲስ ስለታም ሆኖ መሃሉ ግን ተስቦ ሜዳ ሆኗል፤ ላልቶም አንዱን ማግኔት ይነካል። ማግኔቶቹን ሳልነካ ፎይሉን ብቻ ቀይሬ በ2500 ሄርዝና በ24 ዴሲቤል ስከፍለው መንዘሩ ጠፋ።

መፍትሄው የፎይሉን የራሱን ሬዞናንስ፣ ማለትም በትንሽ ግፊት ከሁሉ በላይ የሚርገበገብበትን ፍሪኩዌንሲ፣ በመፈለግ ይጀምራል። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው ከስልክ በሚለቀቅ ነጠላ ቶን ከ1000 ሄርዝ ቀስ እያሉ ይውረዱ፤ መብራቱን በጎን ይዘው ፎይሉን ሲመለከቱ፣ ጠርዙ በድንገት የሚደበዝዝበት ቦታ ሬዞናንሱ ነው። ፕላነር ላይ ይህ ቦታ እንደ ከበሮ ቆዳ በውጥረቱ መጠን ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ላልቶ እንደሆነ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ክሮስኦቨሩን በ24 ዴሲቤል ቁልቁለት ከሬዞናንሱ ቢያንስ አንድ ኦክታቭ፣ በ12 ዴሲቤል ሁለት ኦክታቭ ከፍ ያድርጉት፤ ሬዞናንሱ 400 ሄርዝ ከሆነ 800 ወይም 1600 ማለት ነው። ይህን ችግር ለመፈተሽ የበገና ቅጂ አይጠቀሙ፤ በገና በጅማቱና በድልድዩ መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት በተፈጥሮው ስለሚነዝር የፎይሉን ነዘር ከእርሱ መለየት ያዳግታል። ዋሽንት ይሻላል።

ምልክት፦ በስሌት የተሠራው ክሮስኦቨር በታሰበው ፍሪኩዌንሲ አይከፍልም

በስሌቱ ውስጥ የገባው ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ከእውነተኛው የተለየ ነው። 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ለ8 ኦም ጭነት በ1000 ሄርዝ ሲከፍል ለ4 ኦም ግን በ2000 ሄርዝ ይከፍላል። ፕላነር በዚህ በኩል ምቹ ነው፤ ኦሙ ከፍሪኩዌንሲው ጋር እምብዛም ስለማይለዋወጥ በመልቲሜትር የተነበበውን ቁጥር በቀጥታ ማስላት ይቻላል። ዉፈሩ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ኦሙ በውስጡ ባለው የሽቦ ጥቅል ምክንያት ስለሚጨምር፣ አብሮት በትይዩ ሬዚስተርና ካፓሲተር ካልተገጠመለት ከታሰበው በላይ መዝፈኑን ይቀጥላል።

ሪበን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 0.2 ኦም ብቻ የሆነ ፎይል በቀጥታ ለአምፕሊፋየር እንደ ሾርት ስለሆነ ማዛመጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የሁለቱ የሽቦ ጥቅሎቹ ዙሮች ንጽጽር 6 ለ 1 ሲሆን 0.2 በ36 ተባዝቶ በአምፕሊፋየሩ በኩል 7.2 ኦም ይታያል። ካፓሲተሮቹ የሚሰሉት በዚህ ቁጥር ነው፤ የሚገቡትም ከትራንስፎርመሩ በፊት ነው። ተራ መልቲሜትር የራሱ ሽቦዎች ኦም ወደ 0.2 ስለሚጠጋ በፎይሉ ላይ የሚያነበው ቁጥር አይታመንም።

ምልክት፦ በ1 ሜትር ላይ የተስተካከለው ድምፅ ከመቀመጫው ሲሰሙት ስለታም ይሆናል

ይህ የረጃጅም ሪበኖች ጠባይ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚቃረብ ሪበን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያጣው 3 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን ተራ ዉፈር 6 ያጣል። ስለዚህ በ1 ሜትር እኩል የነበሩት ሁለቱ፣ በ4 ሜትር ላይ ሪበኑ እስከ 6 ዴሲቤል ይበልጣል፤ የክፍሉ ነጸብራቅ ልዩነቱን ሊያጠብበው ይችላል እንጂ አያጠፋውም። ማይክሮፎኑን ጆሮዎ በሚውልበት ቦታ አስቀምጠው መጠኑን እዚያ ይወስኑ።

ምልክት፦ በመከፋፈያው አካባቢ ድምፁ ይጎድላል፤ ከመቀመጫ ሲነሱ ይለወጣል

የዉፈሩና የፎይሉ ድምፅ እኩል ሰዓት አይደርስም፣ ወይም ፕላስና ማይነሱ ተገልብጧል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ዉፈሩ ከፎይሉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ከሆነ 0.29 ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ2000 ሄርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከግማሹ በላይ ያለ ልዩነት አንዱ ሌላውን እንዲያጠፋ ይበቃል።

ከአምፕሊፋየሩ በፊት የሚገባ ዲጂታል ክሮስኦቨር ካለዎት፣ ሊንክዊትዝና ራይሊ በ1976 ያቀረቡትን ባለ 24 ዴሲቤል ዓይነት ይምረጡ፤ ሁለቱ ወገኖች በመከፋፈያው ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚገፉበት ስለሆነ ለመፈተሽ ይመቻል። የአንዱን ፕላስና ማይነስ ሆን ብለው ይገልብጡ፤ ቀድሞ የሚደርሰውን በ0.02 ሚሊ ሴኮንድ እያዘገዩ በመለኪያው ላይ የሚታየው ጉድጓድ በጣም ጥልቅ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ሽቦውን ወደ ቦታው ይመልሱ። በ12 ዴሲቤል ዓይነት ግን አንዱ ለዘወትር ተገልብጦ መቅረት አለበት።

ምልክት፦ ከመሃል ወጣ ሲሉ ከፍተኛው ድምፅ ይጠፋል

ፓነሉ (የፕላነሩ ገጽ) ለሚጫወተው ፍሪኩዌንሲ ሰፊ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፓነል ከ3400 ሄርዝ በላይ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ ይሰበስባል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለጠባብ ሪበን ይተዉለት።

ምልክት፦ ጀርባው ክፍት የሆነ ፓነል ታችኛው ድምፅ ይሳሳበታል

የጀርባው ድምፅ በጠርዙ ዞሮ የፊቱን ይሽረዋል። በ30 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ መሃል የተገጠመ ፓነል ከ400 ሄርዝ ገደማ በታች በየኦክታቩ 6 ዴሲቤል ያጣል። የጎደለውን በኢኳላይዘር መሙላት ያስጎመጃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተጨመረ 6 ዴሲቤል የፎይሉን እንቅስቃሴ እጥፍ ስለሚያደርግ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል። ሰሌዳውን ማስፋት ወይም መከፋፈያውን ወደ ላይ ማንሳት ይሻላል።

ምልክት፦ አምፕሊፋየሩ ሲበራ ፎይሉ በኃይል ይዘላል

ዲጂታል ክሮስኦቨር ኖሮ አምፕሊፋየሩ ከፎይሉ ጋር በቀጥታ በተገናኘበት ሥርዓት የማብሪያውን ምት የሚያግድ ነገር የለም፤ ሪበን ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመሩ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ለአምፕሊፋየሩም አደገኛ ጭነት ነው። ከመከፋፈያው በሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚሠራ ካፓሲተር በመስመሩ ላይ ያስገቡ። ለ4 ኦም ፓነልና ለ1000 ሄርዝ መከፋፈያ ይህ 160 ማይክሮፋራድ ገደማ ነው። ካፓሲተሩ የድምፁን ሞገድ በጊዜ በትንሹ ስለሚያንሸራትተው መዘግየቱን የሚለኩት እርሱ ከገባ በኋላ ይሁን። ሲያበሩ ክሮስኦቨሩን አስቀድመው አምፕሊፋየሩን መጨረሻ ያብሩ፤ ሲያጠፉ ደግሞ በአምፕሊፋየሩ ይጀምሩ።